አባወራውን የጠራች ዶሮ

ነሐሴ ሁለት ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ የአያ ዳኛው ዶሮ ጮኸች። ደቂቃው ሳይቀር የታወቀው የሚስታቸው ወንድም የሻው እጁ ላይ ሰዓት ስለነበረ ነው። የሻው ጎንደር ሆስፒታል ቁስል ያጥባል፤ እሱ ራሱን «ድሬሰር» ይላል። ለፍልሰታ እረፍት አግኝቶ እህቱ ዘንድ ሰንብቶ ነበርና፣ ሰው ጠየቀውም አልጠየቀውም ሰዓቱን ይናገራል።

ዶሮ ጮኸ ተብሎ ይወራል ወይ የሚል አይጠፋም። አውራ ዶሮ ቢሆን ማንም ባላወራ። ይቺ ግን ሴት ናት። ስንት ጊዜ ጫጩት ፈልፍላ፣ ከጭልፊት ጋር ተናንቃ ያሳደገች፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቃት ገብስማ ዶሮ። የዚያን ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል የበረቱ አጥር ላይ ወጣች፤ አንገቷን አሰገገች፤ ዓይኗን ጨፈነችና ዜማው እንደጠፋበት ዲያቆን ጀምራ ሳትጨርሰው ቀረች። ትንሽ ያሰበች መሰለች። ከዚያ ደገመችው፤ አሁን ጨረሰችው።

አያ ዳኛው በር ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። መፋቂያው ከእጃቸው ወደቀ።

አጥር ለአጥር የሚጎራበታቸው በላቸው ከወዲያ ማዶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አያ ዳኛው፣ አውራ ዶሮ ገዙ እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«እንግዲያ ማን ነው የጮኸው?»

«ማንም አልጮኸም።»

ዶሮዋ ሦስተኛ ጮኸች። በላቸው ዶሮዋን አየ፤ አያ ዳኛውን አየ፤ የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ አስጠጋ። ለሐዘን ይሁን ለሳቅ አልታወቀም።

በመንደሩ፣ በዝንጀሮ ወንበር፣ የሚታመነው እንዲህ ነው። ሴት ዶሮ ከጮኸች የቤቱ አባወራ ዓመት አይደርስም። በአንድ ቤት ሁለት አውራ አይኖርምና፣ ዶሮዋ አውራ ልሁን ባለች ጊዜ ሰውየው ቦታ ይለቃል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳትውል ሳታድር ማረድ።

ዝንጀሮ ወንበር ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ከማኪናው መንገድ ወደ ቀኝ ገባ ብላ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ረፋድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ከሚሞቁበት ተረተር ሥር ያለች መንደር ናት። ከቤቶቹ ሁሉ ወደ ተረተሩ የተጠጋው የአያ ዳኛው ቤት ነበር።

አያ ዳኛው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በምልክት የሚያምን ሰው አይወዱም ነበር። በላቸው አንድ ጊዜ ለዳባት ገበያ ወጥቶ፣ ቀበሮ መንገዱን ስላቋረጠችው ተመልሶ ቢመጣ፣ «ቀበሮዋስ? እሷም አንተን አይታ ገበያዋን ትታ ተመለሰች?» ብለው ክረምቱን ሙሉ መሳቂያ አድርገውት ከርመዋል። ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ላይ ሲወጣ አይቶ «ዘንድሮ ዝናቡ ይከብዳል» የሚል ሰው ካለ፣ «ከጎረቤቱ ተጣልቶ ይሆናል» ይላሉ።

ሙግት ይወዳሉ። ሙግት የሌለበት ሳምንት ጨው እንደሌለው ወጥ ነበር ለሳቸው። ከሙግትም በላይ የሚወዱት ግን አባወራነታቸውን ነው። እሳቸው ከዱካቸው፣ ከበርጩማቸው ላይ ሳይቀመጡ ማዕድ አይቀርብም፤ «እኔ አባወራው» ሳይሉ ነገር አይጀምሩም። ሚስታቸው እንኳየሁ አባቷ የተወላት ባዶ ቤት ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከፍ ካለው ሜዳ ላይ ነበራት። በየክረምቱ እዚያ እንግባ ብላ ትለምናቸዋለች፤ የተረተሩ ጭቃ በጓሮ በር እየገባ ጎታዋን አበስብሶባታል። እሳቸው ግን፣ «እኔ አባወራው በሚስቴ ርስት ላይ ገብቼ ጥገኛ ልባል? ይህ አባቴ የተወለደበት ቤት ነው። እዚሁ እሞታለሁ!» ይሏታል።

ይቺን «እዚሁ እሞታለሁ» የምትለውን ቃላቸውን የዚያን ቀን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አልወደዷትም።

በሰው ፊት ሲስቁ አረፈዱ። «ጉሮሮዋን ነው የጠረገችው» አሉ። ሰው ሲበተን ግን የሻውን ወደ ጓሮ ጠሩት።

«የሻው፣ እስቲ የደም ሥሬን እይልኝ።»

የሻው ሰዓቱን እያየ እጃቸውን ያዘ። «ሸጋ ነው። ምነው፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። ሰው ካልታመመ አይታይም ወይ?»

የሻው ነገሩ ገባው፤ ሳቁን ዋጠ። «ስለ ዶሮዋ ከሆነ አይጨነቁ። ዶሮ በሆዷ በግራ በኩል የእንቁላል ማኅደር አላት። እሱ ሲታመምና ሲደርቅ የአውራ ጠባይ ይመጣባታል። ጉትዬዋ ያድጋል፤ ትጮኻለች። እንቁላል መጣልም ታቆማለች። በመጽሐፍ አይቻለሁ። በሽታ ነው እንጂ ምልክት አይደለም።»

«በሽታው ይተላለፋል?»

«ወደ ማን?»

«ወደ… ወደ አባወራ።»

«አያ ዳኛው፣ እርስዎ እኮ የእንቁላል ማኅደር የለዎትም።»

«እሱንም በመጽሐፍ አየኸው?»

ከቅዳሴ በኋላ አያ ዳኛው ሰው ሳያያቸው የሩፋኤሉን መሪጌታ ሐብተ ማርያምን በደጀ ሰላሙ ጥግ ያዟቸው። ዶሮዋን ዛሬውኑ ላርዳት አሉ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በፍልሰታ ጾም? ታርዳ ማን ሊበላት? አርዶ መጣልም በፍጥረት መቀለድ ነው። ጾሙ ይፈታ፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት አርደህ ትበላታለህ።»

«እስከዚያ ብትጮህስ?»

«ትጩኻ። አንተን ከጸሎት አላስተጓጎለችህ።»

«እስከዚያ ሞት ቢመጣስ መሪጌታ?»

«ዳኛው፣ አንተ በምልክት አላምንም ትል አልነበረም?»

«አላምንም። ግን ዶሮዋ ታምን እንደሆነስ?»

መሪጌታ ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አያ ዳኛው መንገዱን ሁሉ እያሰቡ ተመለሱ። ቢላዋው ከተከለከለ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው፤ የሚያውቁትም ሌላ መንገድ አንድ ነው፤ ሙግት። እቤት ሲደርሱ እንኳየሁ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«እንኳየሁ፣ ስሙ የተሳሳተ መጥሪያ ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሙግት አዋቂው አንቱ።»

«አይሠራም። አየሽ፣ ዶሮዋ የጠራችው አባወራውን ነው። እንግዲህ ሞት መጥቶ የዚህ ቤት አባወራ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ አባወራ የለንም፣ ያለን እማወራ ነው ይባላል። በእማወራ ስም የመጣ መጥሪያ የለም። እጁን አጣጥፎ ይመለሳል።»

እንኳየሁ ምስሩን ትታ ቀና አለች። «ተመልሶ ስሙን አስተካክሎ ቢመጣስ? እኔን ሊወስድ?»

«እስኪያስተካክል አሥራ ስድስት ይደርሳል። ያኔ ዶሮዋ ትታረዳለች።»

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ጊዜ ታኮርፍ ነበር። ባሏ ሞትን በሷ ደጅ ሊያሳልፈው መልሱን ሳይቀር አዘጋጅቶ መምጣቱ ገብቷታል። እንኳየሁ ግን የበሰበሰውን ጎታዋን አየች፤ በጓሮ በር የገባውን ጭቃ አየች፤ ከዚያ ባሏን አየች።

«እሺ» አለች። «ግን በሹክሹክታ አይሆንም። በሽማግሌ ፊት ይሁን። እማወራ ከሆንኩም እማወራ ነኝ፤ ቃሌ ይከበራል።»

«እስከ አሥራ ስድስት።»

«እስከ አሥራ ስድስት።»

በማግሥቱ ቅዳሴ ሲወጣ አያ ዳኛው ሰው በተሰበሰበበት ቆመው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ አባወራ የለም። እማወራዋ እንኳየሁ ናት።»

«አልሰማንም!» አለ በላቸው ከኋላ። «ሞት ጆሮው ይከብዳል ይባላል አያ ዳኛው፤ ጮክ ይበሉ እንጂ!»

ጮክ ብለው ደገሙት። ሴቶቹ እልል አሉ። የቀበሮዋ ነገር የዚያን ቀን ከነወለዱ ተከፈለ።

እቤት ሲገቡ እንኳየሁ ቀድማ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ውኃ አምጣልኝ» አለች።

አያ ዳኛው ዘወር ብለው አዩ። ሌላ ሰው አልነበረም። «ማንን ነው?»

«አንተን ነዋ።»

ከተጋቡ ጀምሮ «አንቱ» እንጂ ሌላ ወጥቷት አያውቅም። አያ ዳኛው ደማቸው ፈላ፤ አፋቸውን ከፈቱ። እንኳየሁ ጣቷን ወደ ከንፈሯ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ማን ነው የሚቆጣው? አባወራው ነው?»

በሩን አዩ። አንድ ሰው በዚያ ቆሞ የሚያዳምጥ መሰላቸው። ውኃውን አመጡ።

ሰንበቱ አልፎ ሰኞ ሲነጋጋ እንኳየሁ ትእዛዟን አወጣች፤ ወደ አባቷ ቤት ይገባል። መንደሩ ለመሸከም መጣ። ግማሹ የመጣው ለመርዳት ነው፤ ግማሹ የአያ ዳኛውን ፊት ለማየት። ጎታው ወጣ፤ ከብቱ ተነዳ፤ ቁርበቱ ተጠቀለለ። አያ ዳኛው የአባታቸው ቤት ደፍ ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ።

«ይህ ቤት የአባቴ ነው! እኔ ከዚህ…»

«እኔ ማን?» አለች እንኳየሁ። «አባወራ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ የወፍጮውን መጅ ያዝ።»

መጁን ታቅፈው ዳገቱን ወጡ። ከመንደሩ የአንዱ ሚስት የገዛ ዶሮዎቿን ለብቻዋ እየጠራች «ምነው እናንተስ ዝም አላችሁ?» ትላለች እየተባለ ተወራ። በላቸው ይህን ከሰማ በኋላ መሳቁን ትንሽ ቀነስ አደረገ፤ ሴትየዋ የሱ ሚስት ነበረች።

ዝናቡ አላባራ አለ። ሌሊት ይዘንባል፤ ቀን ይዘንባል፤ ሲደክመው ጉም ይሆናል። ከአንዷ ዶሮ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ምልክት አንባቢ ሆነ። አንዱ ፍልፈል በቀን ብርሃን ከጉድጓዱ ወጥቶ አየሁ አለ። ሌላው ውሻዬ ተረተሩን እያየ ያላዝናል አለ። በላቸው ከሁሉም የበለጠውን አመጣ፤ ጭላዳዎቹ ወንበራቸውን ለቀዋል። ከሰኞ ወዲህ በተረተሩ ላይ አንድም አልታየም።

ቅዳሴ እስኪገባ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ተጠልለው ይህን ሲጫወቱ፣ የሻው ነገሩን እንደ አዋቂ ያዘው።

«እኛ ዘንድ ያለው ፈረንጅ ሐኪም ነግሮኛል። መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር እባብ በብርድ ወራት ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ዓሣ ከውኃ ይዘላል፣ ዶሮ ቆጥ አልወጣም ትላለች ይባላል። ሊቃውንቱ ግን ገና አልተስማሙም። አንዳንዱ እንስሳ እኛ የማንሰማውን ትንሽ ንቅናቄ በእግሩ ይሰማል ይላል። ሌላው ደግሞ ውሻ የማያላዝንበት ቀን የለም፤ መሬት ሲናድ ብቻ ነው ውሻውን የምናስታውሰው ይላል።»

«አንተስ ከየትኞቹ ነህ?» አሉ መሪጌታ።

የሻው ሰዓቱን አየ። «ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል» አለ።

«ጭላዳው ሣር ፍለጋ ነው የሄደው» አሉ መሪጌታ። «እናንተ ማኅሌቱን ተኝታችሁ ስትከርሙ፣ እሱ ለሣሩ ይተጋል።»

አያ ዳኛው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መንደሩን በበላቸው ላይ የሚያስቅ አንድ ነገር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በጉባኤ ሐሳብ መስጠት ያባወራ ሥራ ነው፤ ዋጡት። ያን ሳምንት ከጾሙ ይልቅ ይህ ከበዳቸው።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ለቅዳሴ ገባ። አያ ዳኛው ግን ከቅጥሩ ሹልክ ብለው ወጥተው ወደ ታች ወረዱ። ቢጠየቁ መልስ ነበራቸው። ዶሮዋ አዲሱን ቤት አለምድ ብላ ወደ አሮጌው ተመልሳለችና እሷን ላመጣ ነው ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ናፍቀዋል። ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሰው፣ ራሳቸውን ናፍቀዋል።

ገቡ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ጭቃው በጓሮ በር እስከ ምሰሶው ደርሷል። መደቡ ላይ ተቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማዕድ ይቅረብ» አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልሳቀባቸውም። ደስ አላቸው። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «በሩን ዝጉ፤ ብርድ ገባ! በሬዎቹስ ውኃ ጠጡ? ማን ነው እዚያ? እኔ የዚህ ቤት አባወራ ስናገር የማይሰማው ማን ነው?»

ግድግዳው መለሰላቸው። ትንሽ ተንደላቀቁ፤ እግራቸውን ዘረጉ፤ ለአንድ አፍታ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በዚያው ቅጽበት ከራሳቸው በላይ፣ ከጣራው ጫፍ ላይ፣ ዶሮዋ ጮኸች።

አያ ዳኛው ደርቀው ቀሩ። አባወራ ነኝ ያሉት በገዛ አፋቸው ነው። ያውም ጮክ ብለው። መጥሪያው አሁን ስሙ ተስተካክሏል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በዕድሜያቸው ያለ ሰው አያደርገውም። ወጥተው በአጥሩ ላይ ተንጠላጠሉ፤ ከአጥሩ ወደ ጣራው ክዳን ተሳቡ፤ ዶሮዋ ዳግመኛ አንገቷን ስታሰግግ አፈፍ አድርገው ያዟት። ምንቃሯን በጣታቸው ጨበጡ። ያላለቀ ጩኸት አይቆጠርም ብለው አስበዋል። ሙግት አዋቂ ናቸው። «አትጨርሺውም! አትጨርሺውም!» እያሉ በብብታቸው ሸጉጠው በጎን በኩል ያለውን የፍየል መንገድ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። ጾም ይሁን አይሁን መሪጌታ ቢላዋ ያቀርባሉ፤ ንስሐው በኋላ ይታያል።

ዳገቱን አጋምሰው ትንፋሻቸው ሲያጥር ነው ድምፁን የሰሙት። መጀመሪያ ብዙ ፈረስ ሲጋልብ መሰላቸው። ዘወር አሉ። ተረተሩ ጋቢውን ከትከሻው እንደሚያወርድ ሰው ሆነ። ሣሩን እንደ ለበሰ፣ ጥዱ እንደ ቆመ፣ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ቀስ ማለቱን ተወው። አባታቸው የተከሉት ጥድ ቀጥ ብሎ ቆሞ ግቢውን ሲሻገር አዩ። ቤቱ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ጭቃው በጣራው ላይ አለፈ። የበላቸው አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ድንጋይ ብቻ እዚህም እዚያም ይንከባለላል።

አያ ዳኛው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ምንቃሯን እንደጨበጡ ነው። ዶሮዋ ዓይኗን አርገብግባ አየቻቸው። አያ ዳኛው አባታቸውን አሰቡ፤ አባታቸው የተቀመጠበትን መደብ አሰቡ፤ አሁን መደቡ ላይ የተቀመጠውን ነገር አሰቡ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው ነጠላውን እየጎተተ ወጣ፤ በዋናው መንገድ ወደ ናዳው ጫፍ ወረደ። በላቸው ሲቆጥር አያ ዳኛው የሉም። አንዲት ሴት፣ «አሁን ወደ ታች ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ» አለች። በዚህ ጊዜ የእንኳየሁ ጩኸት ተሰማ።

እንኳየሁ በሰው ለቅሶ ላይ ግጥም አትሰጥም ነበር። የዚያን ቀን ግን ማንም ሳያስተምራት ወጣላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፊቷን ወደ ጭቃው አዙራ፣

«የቤቴ ምሰሶ፣ የደጄ ዋርካ፣
አንተ አልኩዎት እንጂ፣ ልቤ አንቱ ነው ለካ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። አያ ዳኛው በፍየል መንገዱ ዞረው ከሰዉ ጀርባ ደርሰው ነበር። ጭቃ ለብሰው ቆመው ሰሟት። «አንቱ» ስትል ሆዳቸው ባባ፤ ደስም አላቸው። ትንሽ ተጨማሪ ልስማ ብለው ዝም ማለታቸውን በኋላ አልካዱም። እንኳየሁ ደረቷን እየመታች ቀጠለች።

«ዱካውን ብወስደው፣ ለጨዋታ ብዬ፣
ማን ሊቆጣኝ ነው፣ አንቱ አባወ…»

«ኧረ እንኳየሁ!» ብለው ጮኹ አያ ዳኛው። «ያቺን ቃል ተዪያት! ገና አሥራ ስድስት አልደረሰም!»

እጃቸውን ለመከልከል ሲያነሱ ምንቃሩን ለቀቁ። ዶሮዋ ከታፈነችበት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸችው። ሴቶቹ ተበተኑ። መሪጌታ አማተቡ። በላቸው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለዶሮዋ አልታወቀም።

እንኳየሁ ቆማ አየቻቸው። ቀስ ብላ መጣች። ጭቃ የለበሰ ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ በሕይወት መኖራቸውን ስታረጋግጥ ደረታቸውን በቡጢ መታቻቸው።

«አንተ!» አለች እያለቀሰች። «የት ነበሩ?»

መንደሩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ሲደግመው ኖሯል።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ደረሰ። ቢላዋውም ነበር፤ ዶሮዋም ነበረች፤ የሚያርድ ሰው ግን አልተገኘም። አያ ዳኛው ዓይኔ ታመመ አሉ። በላቸው፣ «ናዳውን አውቃ ጠራቻቸው፤ እንዲህ ያለችውን ነክቼ እኔ ልናድ?» አለ። መሪጌታ፣ «ጠባቂው መልአኩ ነው፤ ለዶሮ አትስጡት» አሉ። የሻው፣ «ከአሥር ቀን በላይ ጮኻለች፤ ናዳው የወረደው አንድ ቀን ነው። ሌላውን ጩኸት ምን ልታደርጉት ነው?» አለ፤ ይህን ብሎ ግን ራሱም ለማረድ አልተነሳም። እንኳየሁ ንግግራቸውን ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ጮኻ ከሆነ ጮኻለች። ጎታዬን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

«በሕግ ከታየ» አሉ አያ ዳኛው፣ «እኔን ያተረፈኝ የስም ስሕተት ነው።»

በመጨረሻ የሻው ሐኪሞቹ ይዩልኝ ብሎ ዶሮዋን በቦርሳው ከቶ፣ ራሷን አውጥታ እንድትተነፍስ ዚፑን ከፈት አድርጎ፣ በጭነት ማኪና ወደ ጎንደር ይዟት ሄደ። የደረቀውን የእንቁላል ማኅደር ሊያሳያቸው ነው። ከተማው ሲገባ ቦርሳውን ቢያይ ዶሮዋ እንቁላል ጥላለች። ይህን ለማንም ባልተናገረ ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቱን ሳይናገር መኖር ስለማይችል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ «ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ…» ብሎ ጀመረና መመለሻው ጠፋበት።

አባወራነቱም በቀጠሮው መመለስ ነበረበት። አያ ዳኛው በሽማግሌ ፊት ጠየቁ። እንኳየሁ አልካደችም፤ ግን የሚኖሩት በሷ አባት ርስት ላይ ነውና ሽማግሌዎቹ ነገሩን ይታሰብበት ብለው ለመስቀል ቀጠሩት። ለመስቀል ጠላ ጠጡና ለኅዳር ሚካኤል ቀጠሩት። አያ ዳኛውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማያልቅ ሙግት አገኙና ፊታቸው በራ።

ጭላዳዎቹ ጥቅምት ላይ ተመልሰው ከተረተሩ በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጡ። ናዳው በወረደበት ላይ ዳግመኛ ቤት የሠራ የለም። በሦስተኛው ዓመት በላቸው ባቄላ ዘራበት።